ከሶፋ ወደ እርካብ፦ ስድስት ቀን በብሉ ሪጅ ተራሮች ላይ

ስድስት ዓመት ክሩዘር የሚባለውን ሞተርሳይክል ነድቻለሁ። ዝቅ ያለ፣ መሪው ሰፊ፣ መቀመጫው እንደ ሶፋ የሚያሰምጥ፣ እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ የሚነዳ ሞተር። አሜሪካ መጥቼ፣ ታክሲ እየነዳሁ ካጠራቀምኩት ገንዘብ ለራሴ ብዬ የገዛሁት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር። ድምፁን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ስሸጠው ሆዴ ተላውሷል።

የሸጥኩት በወገቤ ምክንያት ነው። ባለፈው ክረምት ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ቨርጂኒያ ቢች ሄድኩ። 200 ማይል ያህል ነው። ደርሼ ስወርድ ግራ እግሬ ደንዝዞ አልታዘዝ አለኝ። ሞተሩን ተደግፌ አስር ደቂቃ ያህል ቆምኩ። ሐኪሜ ሞተር ተው አላለኝም። አቀማመጥህን ቀይር ነው ያለኝ።

ነገሩ የገባኝ ቤቴ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። እናንተም ሞክሩት። ወንበር ላይ ተቀመጡና እግራችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። አሁን ሳትሰበስቡት ለመነሳት ሞክሩ። አይቻልም። ክሩዘር ላይ ጉድጓድ ሲመጣ የሚሆነው ይኸው ነው። እግር ስለማያግዝ ምቱን ሁሉ ጭራና ወገብ ይቀበሉታል። የአገራችን ፈረሰኛ እንዴት እንደሚቀመጥ አስቡ። እርካቡ ከሥሩ ነው። ፈረሱ ሲዘል ከኮርቻው ብድግ ይላል።

ስፖርት ቱሪንግ የሚባለው ዓይነት እንደዚያ ነው። የእግር መርገጫው ከሥርህ ነው፤ ሰውነትህ ትንሽ ወደ ፊት ያጋድላል፤ ክብደትህን እግርህ፣ መቀመጫህና ክንድህ ይካፈሉታል። እኔ ያሁኑን ከግለሰብ ነው የገዛሁት። የ2014 ያማሃ ኤፍጄአር 1300፣ በ6,800 ዶላር። ክብደቱ ከ280 ኪሎ በላይ ነው፤ 25 ሊትር ቤንዚን ይይዛል። ካቴና የለውም፣ በዘንግ ነው የሚሄደው። የፊት መስታወቱ በአንድ ቁልፍ ከፍና ዝቅ ይላል። ክሩዘሩን ደግሞ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ገዛኝ። ወር በወር እየከፈለኝ ነው።

“ጋሼ፣ እንግዲያው ሁለቱንም አብረን እንፈትናቸው” አለኝ ልጁ። እንቁጣጣሽን ከቤተሰብ ጋር ውለን፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ብሉ ሪጅ ተራሮች ተነሳን።

አርብ፣ መስከረም 4 ቀን 2016፦ ስካይላይን ድራይቭ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ወጣን። በስተግራ በኩል ባለው ሳጥን ልብስ፣ በስተቀኝ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ለጾሙ ቀን የሚሆን በሶ ይዣለሁ። ክሩዘሩ ሳጥን ስለሌለው ልጁ ሻንጣውን በላስቲክ ገመድ ከኋላ ጠፍሮታል። ሁለቴ እየቆምን አጠበቅነው።

ፍሮንት ሮያል ላይ ወደ ሸናንዶዋ ፓርክ ይገባል። ለአንድ ሞተር 25 ዶላር ነው፤ ሰባት ቀን ያገለግላል። ስካይላይን ድራይቭ የተባለው የፓርኩ መንገድ 105 ማይል ሲሆን የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው። ቀስ ብሎ መሄድ ግዴታ ነው፣ አጋዘን ዘሎ ይገባልና። እስከ ቀትር ድረስ ብቻ ሰባት ቆጥሬያለሁ።

ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት አልተመቹኝም። የእጄ አንጓ አመመኝ። ጉልበቴ ከለመደው በላይ ታጥፏል። “ምን ነካኝ፣ ወገቤን ሰጥቼ እጄን ላሳምም ነው እንዴ?” እያልኩ ነበር። አንድ ማየት የሚያስደስት ቦታ ላይ ቆመን ሳርፍ ስህተቴን አገኘሁት። ለካ ክብደቴን በሙሉ መሪው ላይ ጥዬዋለሁ። የክሩዘር መሪ ይያዛል፣ ይጎተታልም። የዚህኛው ግን መደገፊያ አይደለም። ሆድን ጠበቅ፣ ጉልበትን ከቤንዚን ታንከሩ ጋር ገጠም፣ ክርንን ላላ ማድረግ ነው። እጅ ላይ ወፍ እንደያዙ ያህል። ከዚያ በኋላ አንጓዬ ዝም አለ።

ሜሪስ ሮክ የሚባል፣ ዓለቱ ተፈልፍሎ የተሠራ ዋሻ አለ። ስገባ ጣርማ በር ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ ወደ ደሴ ስንሄድ አውቶቡሱ ዋሻው ውስጥ ሲገባ ሁላችንም ጸጥ እንል ነበር። እዚህ ልጁ ከኋላዬ የክሩዘሩን ጋዝ ሰጠው። ዋሻው በሙሉ አገሳ። ያ ድምፅ እስከ ትናንት የኔ ነበር።

ቢግ ሜዶውስ ላይ ቤንዚን አለ፣ ዋጋው ግን ከከተማው ከፍ ይላል። ልጁ ሀምበርገር በላ፤ እኔ በሶዬን በጠርሙስ በጥብጬ ጠጣሁ። ጎረቤታችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው አልኳቸው። ቀምሰው “ይኼ ለመንገድ የተሠራ ነው” አሉ። እውነታቸውን ነው።

ማታ ዌይንስቦሮ ደረስን። ሁለት አልጋ ያለው ክፍል 94 ዶላር። እራት ፍለጋ የገባንበት ቤት ፎሶሊያ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ወረቀቷ ላይ ልትጽፍ ስትል ቆም አለችና “ሥጋ አትበላም መሰለኝ፤ ፎሶሊያው ከአሳማ ጋር ነው የሚቀቀለው” አለችኝ። በአሜሪካ ደቡብ አትክልት ማለት እንዲህ ነው። ራሷ ወጥ ቤት ገብታ በዘይት የተጠበሰ ድንችና ሰላጣ አሠራችልኝ። 9 ዶላር ከፈልኩ፣ 5 ደግሞ ለሷ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 5፦ ከዌይንስቦሮ እስከ ሜዶውስ ኦፍ ዳን

ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ የሚጀምረው ስካይላይን ካበቃበት ነው። ርዝመቱ 469 ማይል፣ መግቢያውም ነጻ ነው። የጭነት መኪና አይገባበትም፤ ማስታወቂያ አይሰቀልበትም፤ መብራት የለውም። ሥራው የተጀመረው በ1935 ነው፣ ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዓመት። እዚህ ሥራ አጥ ለነበረው ሕዝብ እንጀራ እንዲሆን መንገድ ሲቆፈር፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ጠላት ለጦሩ ብሎ መንገድ ሊቆፍር ነበር። ሁለቱም መንገዶች ተራራ ላይ ይጠማዘዛሉ። ይህን እያሰብኩ ብዙ ማይል ሄድኩ።

መንገዱ ዳር ቢጫ አበባ ለብሷል። ዘሩ ሌላ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ወሩ መስከረም ነው፣ አበባው ቢጫ ነው፣ ተራራው አረንጓዴ ነው። የራስ ቁሬ ውስጥ ብቻዬን “አበባየሆሽ” ስል ያዝኩት ራሴን።

ኩርባው ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ። ክሩዘር ብዙ ሲያጋድል የእግር ማሳረፊያው አስፋልቱን ይፍቃል። ከኋላዬ ልጁ በየኩርባው “ክርርር” ሲያደርግ ይሰማኛል። ያ ድምፅ ለእኔ ለዓመታት የድንበር ምልክት ነበር፣ ከዚህ በላይ አታጋድል የሚል። አሁን ያለሁበት ሞተር ኩርባውን ባየሁት ልክ ይገባል። ፍጥነት ጨምሬ አይደለም፤ ወሰኑ 45 ነው፣ አከብራለሁ። ግን ከመሪው ጋር ትግል የለም። ድካም ማለት ለካ ግማሹ ያ ትግል ነበር።

ጄምስ ወንዝ ላይ መንገዱ በጣም ዝቅ ይላል፣ 649 ጫማ ብቻ። ሙቀቱ ይጋረፋል። ጃኬታችንን አወለቅን። ከዚያ በ13 ማይል ውስጥ ወደ 4,000 ጫማ ገደማ ይወጣል፤ እዚያ ስንደርስ ጃኬቱን መልሰን ለበስን። ከጎሐ ጽዮን አባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል። የአባይ ግን ከዚህም ይጠልቃል፣ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ፓርክዌዩ ላይ ቤንዚን አይሸጥም። ወጥቶ መቅዳት ያስፈልጋል። ክሩዘሩ ሮአኖክ ሳይደርስ መብራቱን አበራ። እኔ ገና ከግማሽ በላይ አለኝ። ልጁን ስጠብቅ ማደያው በር ላይ ቆሜ ወገቤን አዳመጥኩት። ሌላ ጊዜ እዚህ ሰዓት ላይ ይወጋኝ ነበር። ምንም የለም። ደግሜ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ነካሁት። ምንም የለም።

ያደርነው አንዲት ባልቴት በሚያከራዩት የእንጨት ቤት ነው፣ 110 ዶላር። ሞተሮቹን ሲያዩ ገብተው የአሮጌ ፎጣ ክምር ይዘው ወጡ። “ለመስታወታችሁና ለጫማችሁ፤ የኔን ነጭ ፎጣ አትንኩ” አሉን። ነፍሳት የሞላውን መስታወት እየጠረግን ስለ ሟቹ ባለቤታቸው አወሩን። እሳቸውም ሞተር ይነዱ ነበር። ወይዘሮዋ ከኋላ ተቀምጠው እስከ ፍሎሪዳ ሄደዋል። ከቤት ይዘን የመጣነውን ዳቦ ቆሎ በሰሃን አቀረብንላቸው። ሦስቴ ዘገኑ።

እሑድ፣ መስከረም 6፦ የወደቅኩበት ቀን

ቁርስ ላይ ግሪትስ አቀረቡልን። የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ጨውና ቅቤ ያለበት። መሐሉን በማንኪያ ጎድጉጄ ቅቤውን አስገባሁበት። ወይዘሮዋ ሳቁ። በርበሬ ብቻ ነው የጎደለው። ቁርሱ ከኪራዩ ጋር የተያያዘ ነው።

ማብሪ ሚል የሚባለው የድሮ የውሃ ወፍጮ በቅርብ ነው። ጎማው ሲዞር አይተን፣ ፎቶ አንስተን፣ ወደ ሰሜን ካሮላይና ተሻገርን።

ቀትር ሳይደርስ አንድ ማረፊያ ላይ ልቆም ገባሁ። አስፋልቱ ወደ ግራ ያዘቀዝቃል፤ ጠጠር ተበትኖበታል። ክሩዘሩ ላይ ሁለቱም እግሮቼ በሙሉ መሬት ይረግጡ ነበር። በዚህኛው የጫማዬ ጫፍ ነው የሚደርሰው። ግራ እግሬን አወረድኩ፤ ጠጠሩ ከሥሩ ሸሸ። ሞተሩ ቀስ ብሎ ማዘንበል ጀመረ። አንድ ነጥብ አለ፣ እሱን ካለፈ በኋላ በሰው ጉልበት አይመለስም። ያቺን ነጥብ ጭኔ ላይ አወቅኳት። ለቀቅኩትና ወደ ጎን ዘለልኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት የመስታወት ድምፅ ነው። ከዚያ ዝምታ። ልጁ ሞተሩን ጥሎ ሮጠ። “ጋሼ! ጋሼ፣ እግርህ?” እግሬ ደህና ነው። ኢንጂኑን አጠፋሁ፣ ማርሽ አስገባሁ። ሁለታችን ጀርባችንን ለሞተሩ ሰጥተን ቁጢጥ አልን። እኔ መሪውን፣ እሱ የኋላውን መያዣ ይዞ፣ በእርምጃ በእርምጃ ወደ ኋላ እየገፋን አነሳነው። በክንድና በወገብ ሳይሆን በጭን ነው የሚነሳው። ይህን ከመግዛቴ በፊት አንድ ሰው አሳይቶኝ ነበር፤ ባያሳየኝ ኖሮ ለወገቤ ብዬ የገዛሁት ሞተር ወገቤን ይጨርሰው ነበር።

ግራው የጎን መስታወት ተሰነጠቀ፤ ሳጥኑ ተፋቀ። መስታወቱን በፕላስተር አስረን ቀጠልን። ከዚያ በኋላ ግን ለማቆም ስገባ መጀመሪያ መሬቱን አያለሁ፣ ቁልቁለቱ በየት እንደሆነ። ክሩዘር ይህን አያስተምርም፤ ዝቅ ብሎ ይሸከምሃል። ከፍ ያለ ሞተር የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ይለማመድ።

ዲፕ ጋፕ ላይ ምሳ በልተን ስንወጣ ልጁ “አንዴ እንቀያየር” አለ። ቁልፍ ተለዋወጥን።

ሶፋው ተቀበለኝ። እግሬን ዘረጋሁ። ኢንጂኑ ሲነሳ ሆዴ ድረስ መታኝ። መሪው ላይ ያለችውን ጭረት በአውራ ጣቴ ዳበስኳት፤ አራት ዓመት በፊት ጋራዥ በር ያወጣባት ናት። ለመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች ለምን ሸጥኩት ብዬ ተቆጨሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ።

ከዚያ ድልድይ መጣ። መገጣጠሚያው ላይ ጎማው “ጓ” ሲል ምቱ ከጭራዬ እስከ አንገቴ ወጣ። ብድግ ልበል ብል እግሬ ሩቅ ነው። ደረቴ ላይ ነፋሱ ይገፋኛል፣ እንዳልወድቅ መሪውን ጨብጬ እጎተታለሁ። ሁለተኛው ድልድይ ላይ ያ የድሮው መርፌ ግራ ዳሌዬ ላይ ወጋ። ያኔ ነው ቁጭቱ የወጣልኝ። ሞተሩ አልተበላሸም። እሱ ያው ነው። የተለወጠው የኔ አካል ነው፣ የ46 ዓመት ሰው ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ታክሲ ላይ የምውል።

ሊን ኮቭ ድልድይ ላይ ቆምን። 1,243 ጫማ ርዝመት አለው፤ ግራንድፋዘር የሚባለውን ተራራ ላለመቁረጥ ሲባል በጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ የተሠራ ነው። 153 የኮንክሪት ቁራጮች ተገጣጥመው ነው የቆመው። ፓርክዌዩ ተሟልቶ የተከፈተው ይህ ክፍል ሲያልቅ በ1987 ነው። ከ1935 ጀምሮ ቁጠሩት፣ 52 ዓመት።

ልጁ ከያማሃው ወርዶ “ሳይታወቅህ እኮ ነው የሚፈጥነው” አለ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና “የኔን መልስልኝ” አለኝ። የኔን። ቁልፉን አቀበልኩት።

ሰኞ፣ መስከረም 7፦ ጉምና ከፍታ

ሊትል ስዊዘርላንድ አካባቢ አድረን ስንነሳ ጉሙ ሁሉን ውጦታል። ከፊቴ የመንገዱ መስመር ብቻ ይታየኛል። በሰዓት 20 ማይል ሄድን። የፊት መስታወቱን ከፍ ሳደርገው ጠብታው በላዬ ያልፋል፤ ዝቅ ሳደርገው በላዩ አሻግሬ አያለሁ። እንደ መንገዱ እየቀያየርኩ ነዳሁ። ልጁ ግን በየአምስት ደቂቃው መነጽሩን በጓንቱ ይጠርጋል። ቆመን የኔን ትርፍ የአንገት ልብስ ሰጠሁት።

ማውንት ሚቼል ጫፉ አጠገብ ድረስ አስፋልት ነው። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ የአሜሪካ ከፍተኛው ተራራ ይኸው ነው፤ 6,684 ጫማ። ወደ ሜትር ቀየርኩት፣ 2,037። ከአዲስ አበባ ከ300 ሜትር በላይ ያንሳል! ለእናቴ ደውዬ “የአሜሪካንን ትልቅ ተራራ ወጣሁ፣ ከእናንተ ቤት በታች ነው” አልኳት። “ታዲያ ይበርዳል?” አለች። ይበርዳል። ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር።

አሽቪል ከተማ ገብተን ቡና ጠጣን። ከዚያ ዋሻ ተከታተለ። በመንገዱ ሙሉ 26 ዋሻ አለ፤ 25ቱ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ናቸው። ሪችላንድ ባልሳም ላይ የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ አለ፣ 6,053 ጫማ። ሁለቱን ሞተሮች ሰሌዳው ሥር ጎን ለጎን አቁመን ፎቶ ተነሳን። ይህን ፎቶ አሳጥቤ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ።

ማይል 469 ላይ ቸሮኪ አጠገብ ወረድን። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ሜዳው ላይ ሰው መኪናውን አቁሞ ዝም ብሎ ቆሟል። ኤልክ ናቸው፣ ከበሬ የማይተናነሱ ትልልቅ አጋዘኖች። ከዚህ ምድር ጠፍተው በ2001 ነው ተመልሰው የመጡት። መስከረም የመዳሪያ ወራቸው ነው። አንዱ ወንድ አንገቱን ዘርግቶ ጮኸ። ከዚያ አካል ይወጣል ብዬ ያልጠበቅኩት ቀጭን፣ እንደ ዋሽንት የረዘመ ድምፅ። ልጁ ስልኩን አላወጣም። ሁለታችንም እስኪጨልም ቆምን።

ማክሰኞና ረቡዕ፣ መስከረም 8 እና 9፦ ወደ ቤት

መልሱ በአውራ ጎዳና ነው፣ ከ500 ማይል በላይ። በሜጊ ቫሊ ወጥተን ወደ ቴነሲ፣ ከዚያ 81 ቁጥርን ይዘን ወደ ሰሜን። ስለዚህ መንገድ ብዙ የሚባል የለም፣ ዝናቡ ባይመጣ።

ቨርጂኒያ ከገባን በኋላ ወረደ። 81 የከባድ መኪና መንገድ ነው። አንዱ ትሬለር ሲያልፍ የውሃ ግድግዳ ይጥልብሃል፣ ከኋላው ደግሞ ነፋሱ ይስብሃል። እኔ ከመስታወቱ ጀርባ አጎንብሼ ደረቴ ደረቅ ነው። ልጁን በተሰነጠቀው መስታወት አየዋለሁ፤ እጁ ተዘርግቶ፣ ደረቱ ለዝናቡ ተሰጥቶ፣ አንገቱን ቀብሮ። ምልክት ሰጥቼ ከፊቱ ገባሁ፣ ነፋሱን ልሰብርለት። ብዙም አልረዳውም። ዊትቪል ላይ ወጣንና አደርን፤ ክፍሉ 82 ዶላር። ልጁ ገና 26 ዓመቱ ነው። ያን ቀን ግን አልጋው ላይ በሆዱ ተኝቶ “ጋሼ፣ አንተ ይህን ስድስት ዓመት እንዴት ቻልከው?” አለኝ። ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሬ ወገቡ ላይ አደረግኩለት።

“ልትሸጠው ነው?” አልኩት።

“አልሸጥም። መስታወት አስገባበታለሁ፣ ቀን ደግሞ 150 ማይል ብቻ እነዳለሁ” አለ።

ጥሩ መልስ መሰለኝ። ከወደደው፣ በልኩ ይንዳው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቤት ገባን። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ከሞተሩ ስወርድ አየችኝ። እግሬን እንጂ ፊቴን አላየችም። ሁለቱንም ሳጥኖች ፈትቼ፣ በግራና በቀኝ ይዤ፣ ደረጃውን ወጣሁ። ጋዙን ለኮሰችና የጾም ሽሮ ጣደች።

ከሳምንት በኋላ ደመራ ነበር። ክሩዘሩ ላይ የኋላው መቀመጫ የእጅ መዳፍ የምታክል ስለነበረች አንድ ጊዜ ሞክራ ዳግመኛ እንቢ ብላለች። ያን ቀን ነጠላዋን አጣጥፋ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠችና፣ የልጁን የራስ ቁር ተውሳ፣ ከኋላዬ ወጣች። ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ 15 ደቂቃ ነው። ስንደርስ አልወረደችም።

“ቀድመን መጥተናል” አለች፣ “አንድ ጊዜ ዞር እንበል።”